የፋብሪካ ተረፈ ምርት ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት

የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት ጊዜ ከፋብሪካ በነፃ የሚሰጥ ዝቃጭ ወይም አመድ ሲገኝ መጓጓት ያለ ነው። ይሁንና እናንተ ዘንድሮ የበተናችሁትን ጎረቤቶቻችሁ ለከርሞ ይበትኑታል። ስለዚህ ጭነቱ ማሳ ዳር ከመራገፉ በፊት «ከምን ሥራ የወጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣው ፊልተር ኬክ የአገዳ ጭማቂ ሲጣራ የሚቀር ነው። ፎስፈረስ አለው፣ አፈርም ያለሰልሳል። ትኩሱ ግን ሲብላላ ስለሚግል ቡቃያ ይጎዳል፤ ከገለባና ከፍግ ጋር ተከምሮ፣ እየተገላበጠ፣ እስኪበርድና የአፈር ሽታ እስኪኖረው ይቆይ። የቢራ ገብስ አተላን ማሳ ላይ መድፋት እኔ ብክነት ነው እላለሁ፤ ለከብት ይሰጥ፣ ፍጉ ወደ ማሳ ይመለሳል። የእንጨት አመድ አሲዳማ አፈርን ያሻሽላል፤ ከዩሪያ ጋር በአንድ ላይ ከተበተነ ግን ናይትሮጂኑ በአሞኒያ ጋዝ መልክ ይባክናል። የድንጋይ ከሰል አመድ አርሰኒክና ቦሮን ሊይዝ ስለሚችል ሳይመረመር አይበተን።

ከሁሉ የሚያሰጋው የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ነው። ናይትሮጂን ስላለው በመጀመሪያው ዓመት ሰብሉ ሊያምር ይችላል፤ ሰውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። አብዛኛው ቆዳ የሚለፋው በክሮሚየም ጨው ነው። ክሮሚየም ደግሞ እንደ ፍግ አይበሰብስም፣ ይጠራቀማል። እስቲ እናስላው። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር 2 ሚሊዮን ኪሎ ያህል ይመዝናል። ደረቁ ዝቃጭ በኪሎ 10 ግራም ክሮሚየም አለው እንበል። 100 ኩንታል ከተበተነ 100 ኪሎ ክሮሚየም ገባ ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ኪሎ አፈር ላይ 50 ሚሊ ግራም ይጨመራል። በየዓመቱ ቢደገም በ4 ዓመት 200 ይደርሳል። ይህን መልሶ ለቅሞ የሚያወጣ ማረሻ የለም። በዝቃጩ ያለው በአብዛኛው ብዙም የማይሟሟው ዓይነት ነው፤ ሆኖም ማንጋኒዝ በበዛበት አፈር ከፊሉ ሄክሳቫለንት ወደሚባለው መርዛማ ዓይነት ሊለወጥና ወደ ጉድጓድ ውኃ ሊሰርግ ይችላል።

በቤት የሚሠራ ፈተና አለ። አንዱን ጣሳ በማሳችሁ አፈር ብቻ፣ ሌላውን በ9 እጅ አፈርና በ1 እጅ ተረፈ ምርት ሙሉ። በየጣሳው 20 የጎመን ዘር ዝሩ፣ እኩል አጠጡ። በ10ኛው ቀን ስትቆጥሩ በሁለተኛው የበቀለው በግልጽ ካነሰ ወይም የቅጠሉ ጫፍ ከተቃጠለ፣ ጨው በዝቶበታል ወይም በደንብ አልበሰበሰም። ጥሩ ከበቀለ ግን ገና አትበትኑ፤ ክሮሚየምና ካድሚየም በጣሳ አይታወቁም።

ለእነሱ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ከክምሩ 10 ቦታ፣ ከላይም ከውስጥም ወስዳችሁ በፕላስቲክ ባልዲ ቀላቅሉና 1 ኪሎ ያህል ያዙ። የቆርቆሮ ባልዲ ዚንክ ስላለው ውጤቱን ያዛባል። የማሳውንም አፈር ለብቻው ጨምሩ። ለልማት ጣቢያ ባለሙያችሁ ስትሰጡ «ለከባድ ብረት ይመርመርልኝ» በሉ፤ የተለመደው የፒኤችና የንጥረ ነገር ምርመራ ክሮሚየምን አያሳይም። ፋብሪካውንም የምርመራ ወረቀት ጠይቁ። አልሰጥም ካለ ጭነቱን አትቀበሉ።

ውጤቱ ደህና ቢሆንም በመጀመሪያው ዓመት በማሳው አንድ ጥግ ብቻ ሞክሩ፣ ከጉድጓድና ከወንዝ ዳር አርቁ፣ የተበተነበትን ቀንና መጠን መዝግቡ። ቀጣዩ ጭነት ከሌላ ክምር ከመጣ ምርመራው እንደ አዲስ ይደረጋል።