ባዶ እጃቸውን ለሚመለሱ ገንዘብ አሰባሳቢዎች

ጥያቄ፦ ቦዲቲ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናትን የሚደግፍ አነስተኛ ድርጅት አስተባባሪ ነኝ። በ2017 የውጭ ለጋሻችን ካቋረጠን ወዲህ፣ ከከተማው ነጋዴና ውጭ አገር ካሉ ተወላጆች ገንዘብ የሚያሰባስቡት አራት ሠራተኞቼ ተስፋ ቆርጠዋል። በየሱቁ «ሌላ ጊዜ ኑ» እየተባሉ ይመለሳሉ። አንዷ ልትለቅ ነው። ወርሃዊ ኮታ ላውጣ ወይስ ከሚያመጡት ኮሚሽን ልክፈላቸው?

አስተባባሪዋ፣ ከቦዲቲ

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ይቅርብዎት። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ነጋዴው ራሱ የኑሮ ውድነት አለበት፤ በጥር 2017 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታግድ ደግሞ ብዙ ድርጅት በአንድ ጊዜ ወደዚያው ነጋዴ ዞሯል። «ሌላ ጊዜ ኑ» ያለው ሰው ሠራተኛዋን አልናቃትም፤ ይህን ከእርስዎ አፍ ትስማ። ኮሚሽን የሙያው ሥነ ምግባርም አይደግፈውም። ለሕፃን ብሎ ከሰጠው 100 ብር ላይ ለአምጪው እንደሚቆረጥ የሰማ ባለሱቅ ዳግም አይሰጥም።

ሠራተኛን ከእምቢታ ይልቅ የሚያደክመው የደመወዙን ነገር አለማወቁ ነው። ሒሳቡን ዘርግተው ለስንት ወር እንደሚበቃ ያሳዩአቸው። ሒሳቡን ሲሠሩ ሕጉንም ያስታውሱ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ገቢ ሲወርድ፣ ወጪው ባይጨምርም ድርሻው ከፍ ይላል። ያው አዋጅ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ስለሚፈቅድ ሸክሙን ሁሉ አራት ሰው ላይ አይጣሉት።

በኮታ ፈንታ መለኪያውን ይቀይሩ። ብር መስጠት የሰጪው ፈንታ ነው፤ ማመስገንና ደረሰኝ ማድረስ ግን የሠራተኛዋ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ምንም ሳትጠይቅ፣ አምና 200 ብር የሰጠውን ባለሱቅ ለማመስገን ብቻ ትሂድ፤ በዚያ ብር የተገዛውን ደብተርና እስክርቢቶ ዝርዝር ታሳየው። ያን ቀን ፊት የሚነሳት የለም።

ወቅትም ይምረጡ። የዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲቃረብ የወላይታ ሰው ገንዘብ ለሰንጋና ለቅቤ የታሰበ ነው፤ ያኔ ሱቅ ለሱቅ ማዞር ሠራተኛን ማስመረር ነው። ውጭ ያለው ተወላጅ ግን አገሩ የሚናፍቀው ያኔ ስለሆነ ስልኩ ወደ እሱ ይደወል።

ልትለቅ ያለችውን ሠራተኛ በተመለከተ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አብረዋት ይውጡና እምቢታውን በጆሮዎ ይስሙት። ከዚያም በኋላ መሄድ ከፈለገች የሥራ ልምዷን በመልካም ቃል ጽፈው ይሸኟት።