ለውዱ ኮርሳ ከመክፈልህ በፊት

ልጄ፣ የላክልኝን የሁለቱን ብስክሌቶች ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። አንደኛው የአሉሚኒየም ፍሬም ያለው፣ በሽቦ የሚቀየር የሺማኖ 105 ማርሽ የተገጠመለት ነው። ሁለተኛው ካርቦን ነው፤ ማርሹ አልቴግራ ዲአይቱ ነው፣ በባትሪ ይቀየራል፤ ዋጋውም ከመጀመሪያው ከእጥፍ በላይ ነው። ወንድምህ ከቨርጂኒያ ሲመጣ የመረጥከውን ይዞልህ ይመጣል። የምትነዳው ግን አዲስ አበባ ነው፤ ይህን አትርሳ። ሐሳቤን በቁጥር ያስቀመጥኩት ለመልክ አይደለም፤ ስትከራከረኝ «ሦስተኛውን አልቀበልም» ለማለት እንዲመችህ ነው።

1. ተጨማሪው ብር ምን እንደሚገዛልህ እወቅ። ሺማኖ የኮርሳ ማርሾቹን በደረጃ ነው የሚሸጠው፤ ከታች ወደ ላይ ክላሪስ፣ ሶራ፣ ቲያግራ፣ 105፣ አልቴግራ፣ ዱራ-ኤስ። ከክላሪስ ተነስተህ 105 እስክትደርስ የምትጨምረው ገንዘብ እጅህና እግርህ ላይ ይታወቅሃል። ክላሪስ ከኋላ 8 ማርሽ ሲኖረው የዛሬው 105 ደግሞ 12 አለው፤ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ዝላይ ስለሚያጥር እግርህ ምቱን አይስትም። ፍሬኑም በዘይት የሚሠራ ዲስክ ነው። በክረምት ዝናብ ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ጥሩ ፍሬን ቅንጦት አይደለምና እዚህ ድረስ ያለውን ክፈል። ከ105 በላይ ግን በአብዛኛው የምትገዛው የግራም ቅናሽ ነው። 105 እ.ኤ.አ. በ2022 በባትሪ፣ በ2023 ደግሞ በሽቦ ወደ 12 ማርሽ ከፍ ብሏል፤ በማርሽ ብዛት ከዱራ-ኤስ ጋር እኩል ነው።

2. ኪሎውን አስላው። አንተና ብስክሌቱ በአንድ ላይ 80 ኪሎ ናችሁ እንበል። እግርህም ሳያቋርጥ 200 ዋት ያወጣል እንበል። 500 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ ስበትን ለማሸነፍ ብቻ፣ 33 ደቂቃ ገደማ ይፈጅብሃል። 1 ኪሎ ብትቀንስ የምታተርፈው 25 ሰከንድ ያህል ነው። ካርቦኑ ኪሎ ተኩል ቢቀልልህ እንኳ 40 ሰከንድ አይሞላም። ኪሎ ተኩል ማለት ደግሞ ሁለት ሙሉ የውኃ ጠርሙስ ነው። ለሚወዳደር ሰው 40 ሰከንድ ብዙ ነው፤ እሑድ ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ግን ቁርስ ላይ የሚወራ ነገር ከመሆን አያልፍም።

3. ነፋስን የሚመለከተውን የሻጭ ወሬ ቀንሰህ ስማ። በሜዳ ላይ ፍጥነትህ ሲጨምር ትልቁ ጠላትህ ነፋስ መሆኑ እውነት ነው። ነፋሱን የሚያግደው ግን ከብስክሌቱ ይልቅ ያንተው ገላ ነው፤ ጎንበስ ማለት ደግሞ አይከፈልበትም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ቅርጹ ነፋስ ይቆርጣል የተባለለት ፍሬምና ጥልቅ ቸርኬ የሚያተርፉልህ ጉልበትም እዚህ በዚያው ልክ ይቀንሳል።

4. ማን ይጠግነዋል? ከሁሉም በላይ እንድታስብበት የምፈልገው ይህን ነው። ዲአይቱን ለማጣጣል አልፈልግም፤ አንዴ ከተስተካከለ ማርሹ ቶሎ አይዛባም፣ የሚዝግ ሽቦም የለውም። ግን ባትሪው ቻርጅ ይፈልጋል፤ በእጀታዎቹ ውስጥ ደግሞ ለብቻቸው የሚቀየሩ ትንንሽ ክብ ባትሪዎች አሉ። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ወድቀህ ቢሰበር ሌላ የሚገኘው በአውሮፕላን ነው፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነው። የማርሽ ሽቦ ቢበጠስብህ ግን አንድ ሽቦና ትንሽ ትዕግሥት ይበቁሃል።

ካርቦን ሲመታ ስንጥቁ ከውስጥ ሊደበቅ ይችላል፤ ከላይ ቀለሙ ደህና ይመስላል። መቀመጫውንና መሪውን የሚይዙት ብሎኖች በልኬት መጥበቅ አለባቸው፤ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። እንደ መኪና ጎማ ብሎን ያጠበቀልህ ሰው ፍሬሙን ሊሰነጥቀው ይችላል። አሉሚኒየም ብየዳ አይወድም፤ ጉዳቱን ግን እንደ ካርቦን አይሸሽግም፤ የሰረጎደው ሰርጉዶ ይታይሃል።

የሁለቱንም ዝርዝር ስታይ ሦስት ነገር ጠይቅ። ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ በጥርስ የሚታሰር ነው ወይስ በግፊት የሚገባ? በጥርስ የሚታሰረው ይሻልሃል፤ ሲያረጅ ማንም ባለሙያ ፈትቶ ይቀይረዋል። የመቀመጫው ምሰሶ ክብ ነው ወይስ የዚያ ሞዴል ብቻ የሆነ ቅርጽ ያለው? ክቡ ነገ ሌላ ይገኝለታል። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ የሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረትስ? እሷ በየፍሬሙ ቅርጿ ይለያያል፤ ጉዞ ላይ ሻንጣ ቢጫናት ትጣመማለች፤ እሷ ከተጣመመች ማርሹ አይስተካከልም። ሁለት ትርፍ አስመጣ። የፍሬኑ ነገር ደግሞ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሺማኖ የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚገዛውን ዶት 4 አንድ ሰው በቅንነት ቢጨምርልህ ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ። ትንሽ ጠርሙስ የራሱን ዘይት አብረህ አስመጣ።

5. ከማርሹ ስም በፊት ጥርሱን ቁጠር። አሉሚኒየሙ ከፊት 50 እና 34፣ ከኋላ ትልቁ 34 ነው። በመጨረሻው ማርሽ እግርህ አንዴ ሲዞር ቸርኬውም አንዴ ይዞራል። ውዱ ላይ የተጻፈው 52 እና 36፣ ከኋላ ትልቁ 30 ነው፤ እግርህ አንዴ ሲዞር ቸርኬው 1.2 ጊዜ ይዞራል። በዳገት ላይ ይህ በእያንዳንዱ ምት 20 በመቶ ተጨማሪ ጫና ነው። ከእጥፍ በላይ ከፍለህ ለእንጦጦ የማይመች ማርሽ መግዛት ማለት ይህ ነው።

6. የተረፈውን ብር ጎማ ላይ አውለው። 28 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ጎኑ ለስላሳ የሆነ ጥሩ ጎማ ከምንም ማሻሻያ በላይ ይሰማሃል። ኮብልስቶን ላይ በ23 ጎማ የነዳ እጅ ያውቀዋል። ፍሬሙ 32 እንደሚያስገባ አረጋግጥ። ካላማዳሪያም፣ ሄልሜትም፣ ልክህ የሆነ ጫማም ከዚሁ ብር ይውጣ።

7. ልክህን ተለካ። በቁመትህና በእግርህ ርዝመት ያልተመረጠ ፍሬም፣ ዱራ-ኤስ ቢገጠምበትም፣ ወገብህን ያሳምምሃል። በዚህ ላይ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

8. ለዚህ ብለህ አትበደር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉሃል።

9. «እወዳደራለሁ» ካልከኝም መልሴ ያው ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ የተሰለፉት በብረት ብስክሌት ዘመን ነው። የማይጨው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ብስክሌቱን የሰጠው ቡድኑ ነው፤ መካኒክም ከኋላው በመኪና ይከተለው ነበር። አንተ ስትወድቅ ከኋላህ የሚመጣው ሚኒባስ ነው። ጀማሪ ተወዳዳሪ መውደቁ ስለማይቀር ቢሰበር የምትተካውን ብስክሌት ይዘህ ግባ። ክብደቱም ቢሆን ገደብ አለው፤ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በውድድሮቹ ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቅድም።

10. አንድ ነገር ግን አልከለክልህም። የካርቦኑ መልክ ልብህን ከወሰደው፣ ገንዘቡም ያንተ ከሆነና ቤትህ ምንም ካልጎደለ፣ ለደስታህ ግዛው። ሰው ለጋቢ ጥለትም ይከፍላል። ብቻ «ያፈጥነኛል» ብለህ እኔንም ራስህንም አታታልል፤ «ስለወደድኩት ነው» በል።

የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ አሉሚኒየሙን ከ105ቱ ጋር ውሰድ። ወንድምህ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት ደውልለትና ሁለት የማርሽ ማንጠልጠያ፣ ሁለት ጥንድ የፍሬን ሸራ፣ አንድ ትርፍ ካቴና እና የፍሬኑን ዘይት ከብስክሌቱ ጋር እንዲያዝዝ ንገረው፤ ዘይቱ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይሁን።