ዝገቱን አይተሽ አትሩጪ

ልጄ፣ ተመርቀሽ መዶሻና ኮምፓስ ይዘሽ መስክ ልትወጪ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል። «ሩቅ አገር የዚንክና የእርሳስ ምልክት ባገኝ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሱን በአንድ ቦታ ታሪክ ባሳይሽ ይሻላል። ቦታው ሬድ ዶግ ይባላል፤ በሰሜን ምዕራብ አላስካ፣ ዴ ሎንግ በተባሉት ተራሮች ውስጥ ነው ያለው። እኔ በእግሬ አልረገጥሁትም። ስለሱ የተጻፈውን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

1. መጀመሪያ ውሃውን ጠይቂ።

በ1960ዎቹ ቦብ ቤከር የሚባል የኮትዝቡ ከተማ አብራሪ በትንሽ አውሮፕላኑ በዚያ ተራራ ላይ ሲመላለስ ጅረቶቹ ዝገት ለብሰው አየ። ነገሩን ለአሜሪካ መንግሥት የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ለኢርቭ ታይለር ነገረው። ታይለር በ1968 ቦታው ድረስ ሄዶ ናሙና ወሰደ፤ ከጅረቱ ደለል ውስጥም ከ10 በመቶ በላይ እርሳስ የያዘ ተገኘ። ሪፖርቱ በ1970 ወጣ። ጅረቱ ግን የተጠራው በታይለርም በቤከርም ስም አይደለም፤ በቤከር ውሻ ነው። ጉራ ለሚወድ ጂኦሎጂስት ሁሉ ይህን እነግረዋለሁ።

ዝገቱን ያመጣው ፓይራይት ነው፤ ብረትና ድኝ ማለት ነው። አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ያወጣል፤ አሲዱ አጠገቡ ያለውን ብረታ ብረት እያሟሟ ወደ ጅረቱ ይለቀዋል። ይሁንና ፓይራይት ባለበት ሁሉ ዚንክ የለም። ብዙ ቀይ ጅረት የሚያደርስሽ ፓይራይት ብቻ ያለበት ጥቁር ሼል፣ ከጭቃ የተሠራ ድንጋይ፣ ጋ ነው።

2. ዚንክና እርሳስ አብረው ቢወለዱም አብረው አይጓዙም።

ይህን ያልተረዳ ሰው መስክ ላይ ብዙ ጫማ ይጨርሳል። ዚንክ በአሲድ ውሃ ቶሎ ይሟሟል፤ ከተሟሟም በኋላ ከምንጩ ርቆ ይሄዳል። እርሳስ ግን ወዲያው ከሰልፌት ወይም ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ፣ አንግልሳይት ወይም ሴሩሳይት ሆኖ እዚያው አካባቢ ይቀራል። ስለዚህ ውሃው ዚንክ አብዝቶ ደለሉ እርሳስ ካነሰው ወደ ላይ ገና ብዙ ትሄጃለሽ። ደለሉ ራሱ በእርሳስ ከከበደ ግን ቀስ በዪ፤ ቀና ብለሽም ገደሉን እዪ።

ከዚሁ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። የዛገውን ቆብ፣ በሙያችን ቋንቋ «ጎሳን» የሚባለውን፣ ሰብረሽ ላብራቶሪ ስትልኪ የዚንኩ ቁጥር እዚህ ግባ የማይባል ሊሆን ይችላል፤ ዚንኩ ታጥቦ ሄዷላ! በዚያ ቁጥር ብቻ ቦታውን እንዳትጥዪው። ለዚህ ከአላስካ ይልቅ የጎረቤታችን የኤርትራ ቢሻ ይቀርበናል፤ ዓይነቱ ከሬድ ዶግ የተለየ ነው፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ከላይ ከዛገው ክፍል በ2011 ወርቅ መውጣት ጀመረ፤ ከሥሩ በ2013 መዳብ፣ ከዚያም በ2016 ዚንክ ተከተለ።

3. ክብደት ያታልላል።

ድንጋዩን አንስተሽ በመዳፍሽ መዝኚው። ተራ ሼል የውሃን ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ከዚያ በግልጽ ከከበደሽ ልብሽ ይመታል፤ እኔም አውቀዋለሁ። ነገር ግን ዚንክ የሌለበት ባራይት የሚባል ማዕድን አራት እጥፍ ተኩል ሲከብድ፣ የዚንኩ ማዕድን ስፋለራይት አራት እጥፍ ገደማ ነው። ሬድ ዶግ ደግሞ ባራይት የሞላበት ቦታ ነው። የእርሳሱ ማዕድን ጋሊና አያስቸግርሽም፤ ሰባት እጥፍ ተኩል ይከብዳል፣ ሲሰበርም የሚያብረቀርቅ ትንንሽ ኩብ ይሆናል። የሚያስቸግርሽ በጥቁር ሼል ውስጥ የደቀቀ ስፋለራይት ነው፤ ከጭቃው ለይቶ ለማየት ዓይን ይደክማል።

እንዲህ አድርጊ፦ በሴንጢሽ ጫፍ ፍቀሽ ዱቄቱን እዪው፤ ድንጋዩ ጥቁር ሆኖ ዱቄቱ ወደ ቢጫ ወይም ፈዛዛ ቡኒ ካደላ ጠርጥሪ። በዱቄቱ ላይ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊና ከትንሽ ርቀት አሽትቺው። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተሽ ስፋለራይት ነው ብለሽ ያዢው፤ ባራይት ምንም አይሸትም። ድንጋይ በምላሱ የሚቀምስ ጂኦሎጂስት ታገኚያለሽ፤ እርሳስ ባለበት አገር አትከተዪው። እንጀራ ከመቁረስሽም በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

4. ከላይ ያለው ሁሉ ወጣት አይደለም።

ሬድ ዶግ ከ338 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ጨዋማ ሙቅ ውሃ በምድር ስንጥቅ እየወጣ ዚንክና እርሳስ ይዞ መጣ፤ ጭቃው ውስጥ ድኝ አገኘና ሰልፋይድ ሆኖ ተቀመጠ። በብዙ ቦታም ቀድሞ የተቀመጠውን ባራይት እየበላ ነው የተተካው። ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በጁራሲክና በክሬቴሸስ ዘመናት፣ የብሩክስ ተራሮች ሲነሱ ንጣፎቹ ተቆርጠው አንዱ በሌላው ላይ ወጣ። ያ ክምችት ዛሬ እንደ ተቀደደ መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ ተበታትነዋል፣ አሮጌው ከአዲሱ በላይ የተቀመጠበትም አለ። ማዕድኑ ድንገት ሲቆረጥብሽ «አለቀ» ብለሽ አትጻፊ፤ የተቆረጠበትን ገጽ አቅጣጫና ዝንባሌ ለኪ። የቀረው ክፍል የት እንደ ሄደ የሚነግርሽ እሱ ነው።

5. ምልክት ያገኘሽበትን ቦታ «ክምችት» ብለሽ አትጻፊ።

ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ኮር የሚባለው የድንጋይ ዘንግ ወጥቶ፣ ውፍረቱና ይዘቱ እስኪለካ ድረስ ምልክት ነው። አለቃሽ ቢቸኩልም አንቺ አትቸኩዪ፤ በሪፖርቱ ላይ የሚፈርመው የአንቺ እጅ ነው።

6. ድንጋዩን ስታዪ መንገዱንም አስቢ።

ታይለር ናሙናውን የወሰደው በ1968፣ ማዕድኑ መመረት የጀመረው በ1989 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ያውም ዚንኩ ከ16 በመቶ በላይ የሆነ፣ በዓለም እምብዛም የማይገኝ ሀብት ይዞ። ወደ 84 ኪሎ ሜትር መንገድ እስከ ቹክቺ ባሕር ተሠራ፤ ወደብም ተሠራ። ባሕሩ በበረዶ ስለሚዘጋ መርከብ የሚገባው በዓመት 100 ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ በቀሩት ወራት የተፈጨው ማዕድን መጋዘን ውስጥ ይከማቻል። ይዘቱ የዚህ ግማሽ ቢሆን ኖሮ፣ እንደኔ ግምት ሬድ ዶግ ዛሬም መደርደሪያ ላይ ያለ ሪፖርት ነበር።

7. ባለ አገሩን አክብሪ፤ ለፈቃድ ፊርማ ብቻ ብለሽ አይደለም።

የሬድ ዶግ መሬት ባለቤት ናና የተባለው የኢኑፒያት ሕዝብ ኩባንያ ነው፤ በ1971 በወጣው የአላስካ ተወላጆች ሕግ መሠረት የተቋቋመ። ማዕድኑን ከሚያወጣው ኩባንያ ጋር የተስማማው በ1982 ነው። ገቢውም ለእሱ ብቻ አይቀርም፤ ሕጉ አብዛኛውን ድርሻ ለሌሎቹ የተወላጆች ኩባንያዎች እንዲያካፍል ያዛል። እንዲህም ሆኖ ጣጣ አልጠፋም፦ በ2001 የወጣ ጥናት በመንገዱ ዳር ባለው ሞስ በተባለ ምድር ለባሽ ዕፅ ላይ እርሳስና ካድሚየም ተከማችቶ አገኘ፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ በዚያ የሚግጠውን አጋዘን አድኖ የሚበላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። የሬድ ዶግ ጅረት ማንም ሳይቆፍረው በፊትም ዚንክ፣ እርሳስና ካድሚየም ይዞ ነበር የሚወርደው፤ ከምልክቱ በታች ባለው ውሃ ዓሣ አይኖርም ነበር። ይህ አስቀድሞ ተለክቶ ባይመዘገብ ኖሮ የተፈጥሮውን ጥፋት ከማዕድን ኩባንያው ጥፋት ማን ይለየው ነበር? ስለዚህ ልጄ፣ የመጀመሪያው መቆፈሪያ ማሽን ከመግባቱ በፊት የጅረቱን ውሃ በበጋም በክረምትም ለኪ፤ የውጤቱን አንድ ቅጂ ለቀበሌው ሊቀ መንበር፣ አንድ ቅጂ ለአገሩ ሽማግሌዎች በእጃቸው ስጪ።