ከግብር በኋላ የሚዋጣ የጡረታ ገንዘብ በግል ሂሳብ ሶፍትዌር፦ የአመዘጋገብ ችግሩና መፍትሔው

በአሜሪካ የግል ድርጅት ሠራተኛ 401(ኬ) በሚባለው የጡረታ ዕቅድ ከደመወዙ የሚያዋጣው ገንዘብ ሦስት መልክ ሊኖረው ይችላል። የመጀመሪያው ከገቢ ግብር በፊት የሚቀነስ ሲሆን፣ ግብሩ የሚከፈለው ገንዘቡ ከዕቅዱ ሲወጣ ነው። ሁለተኛው ከ2006 (እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሮት የተባለው መዋጮ ነው፤ ግብሩ አስቀድሞ ይከፈላል፣ በሕግ የተቀመጡት ሁኔታዎች ሲሟሉ ትርፉም ጭምር ከግብር ነጻ ይሆናል። ሦስተኛውና የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሮት ያልሆነው፣ ከግብር በኋላ የሚደረገው መዋጮ ነው። ዋናው ገንዘብ ግብር ስለተከፈለበት ሲወጣ ዳግም አይጠየቅበትም፤ ያፈራው ትርፍ ግን ግብር ይከፈልበታል።

ስለዚህ ግብር የተከፈለበት ዋና ገንዘብ ስንት እንደሆነ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የሚያስረዳ መዝገብ ከሌለ፣ ባለገንዘቡ ለአንድ ገንዘብ ሁለት ጊዜ ግብር ሊከፍል ይችላል። እንደ ክዊከን እና ግኑካሽ ያሉ የግል ሂሳብ ሶፍትዌሮች ይህን መዝገብ መያዝ ይችላሉ። የጽሑፉ መከራከሪያ ግን፣ መዋጮዎቹ በእያንዳንዱ ደመወዝ ላይ ተለይተው ካልተመዘገቡ ሶፍትዌሩ በራሱ ሊለያቸው አይችልም የሚል ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሙሉ በሙሉ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ፤ የደመወዝ ግብሩም የሚሰላው የሠራተኛው 7 በመቶ ሳይቀነስ ነው። በዚህ ረገድ የእኛም መዋጮ ከግብር በኋላ የሚከፈል ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያው አበል የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ እንጂ በግለሰቡ ስም ከተጠራቀመ ገንዘብ ስላልሆነ፣ ሠራተኛው የሚከታተለው ቀሪ ሂሳብ የለም። በ401(ኬ) ግን ሂሳቡ የራሱ ነው፤ መዝገቡም በከፊል የራሱ ኃላፊነት ነው።

በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ 4,000 ዶላር ጠቅላላ ደመወዝ የሚከፈለውን ሠራተኛ ለምሳሌ እንውሰድ። የክፍለ ግዛት የገቢ ግብር በሌለበት በቴክሳስ የሚኖር፣ የጤና መድን ተቀናሽም የሌለበት ይሁን። ከግብር በፊት 200 ዶላር፣ ከግብር በኋላ ሌላ 200 ዶላር ያዋጣል። የፌዴራል የገቢ ግብሩ 380 ዶላር ነው እንበል። ሶሻል ሴኩሪቲ በ6.2 በመቶ 248፣ ሜዲኬር በ1.45 በመቶ 58 ዶላር ይሆናሉ። እነዚህ ሁለቱ የሚሰሉት በሙሉው 4,000 ዶላር ላይ ነው፤ «ከግብር በፊት» የሚለው ስም የገቢ ግብርን እንጂ እነዚህን አይመለከትምና። የተጣራው 2,914 ዶላር ወደ ባንክ ይገባል፤ አሠሪው በበኩሉ 120 ዶላር በጡረታ ሂሳቡ ላይ ይጨምራል።

ሶፍትዌሩ ከባንኩ መረጃ ሲያወርድ የሚያየው 2,914 ዶላር ብቻ ነው። ከጡረታ ዕቅዱ በኩል ደግሞ 520 ዶላር በአንድ ድምር ሊመጣ ይችላል፤ የግብር ዕጣቸው የተለያየ ገንዘቦች በአንድ መስመር ተደባለቁ ማለት ነው። ደመወዙን ዘርዝሮ የሚያስገባ ተጠቃሚም ከስሕተት አያመልጥም። በክዊከን የደመወዝ ቅጽ ላይ ከግብር በኋላ ለሚቀነሱ ነገሮች የተዘጋጀ ክፍል አለ። 200 ዶላሩ እዚያ በወጪ ምድብ ከገባ የተጣራው ደመወዝ በትክክል 2,914 ይመጣል፤ ቁጠባው ግን እንደ ሠራተኛ ማኅበር መዋጮ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ድምሩ ስለገጠመ ማንም አይጠራጠርም፤ በጸሐፊው አመለካከት አደገኛው ስሕተት ይህ ነው። ተቃራኒው ስሕተት፣ 400 ዶላሩን በሙሉ ከግብር በፊት አድርጎ መመዝገብ፣ ቶሎ ይጋለጣል፤ በ26ቱ የዓመቱ ክፍያዎች ግብር የሚከፈልበት ገቢ በ5,200 ዶላር አንሶ ይታያልና።

በድርብ የሂሳብ አመዘጋገብ ሲታይ ትክክለኛው መንገድ ውስብስብ አይደለም። 4,000 ዶላሩ ገቢ ነው። ሦስቱ ግብሮች ወጪ ናቸው። 2,914 ወደ ባንክ፣ ሁለቱ 200 ዶላሮች ደግሞ ወደ ሁለት የተለያዩ የሀብት ሂሳቦች የሚደረጉ ዝውውሮች እንጂ ወጪዎች አይደሉም። የአሠሪው 120 ዶላር ሦስተኛ ንዑስ ሂሳብ ይፈልጋል። በግኑካሽ ይህን ማድረግ ቀላል ነው፤ አንድ ሂሳብ በሌላው ሥር ይከፈታል፣ አንድ ክፍያም በብዙ መስመር ይከፋፈላል። ከግብር በኋላ ባለው ንዑስ ሂሳብ ውስጥ ትርፉ በራሱ የገቢ ምድብ መመዝገብ ይኖርበታል። እንዲህ ከተደረገ ከደመወዝ የመጡት ዝውውሮች ድምር ምንጊዜም ዋናውን ገንዘብ ያሳያል፤ የገበያ ዋጋ መውጣትና መውረድ አይሸፍነውም።

የዓመቱ ማረጋገጫ ቅጽ ደብሊው-2 ነው። በምሳሌያችን ሳጥን 1 98,800፣ ሳጥን 3 ደግሞ 104,000 ዶላር ያሳያሉ፤ የ5,200 ዶላሩ ልዩነት በሳጥን 12 «ዲ» በሚለው ምልክት ከሚጻፈው ጋር መግጠም አለበት። የሮት መዋጮ በዚያው ሳጥን በ«ኤኤ» ይታያል። ሮት ላልሆነው መዋጮ ግን የግዴታ ቦታ የለም፤ አሠሪው ከፈቀደ በሳጥን 14 ይጽፈዋል፣ ካልፈቀደ ይተወዋል። መዝገብ ይበልጥ የሚያስፈልገው መዋጮ በቅጹ ላይ ጭራሽ ላይታይ ይችላል ማለት ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ዋናው 52,000 ዶላር ይሆናል። ትርፉ 28,000 ዶላር ነው ብንል፣ ዕቅዱ ይህን ክፍል ለብቻው ከያዘው፣ ከሚወጣው እያንዳንዱ 10,000 ዶላር 6,500ው ግብር የለበትም። ገንዘቡ በዕቅዱ ውስጥ እስካለ ድረስ ይህን የሚያሰላው አስተዳዳሪው ነው፤ ውጤቱንም በቅጽ 1099-አር ሳጥን 5 ያሳውቃል። ሠራተኛው ሥራ ለቅቆ ገንዘቡን በሙሉ ወደ ተለመደው አይአርኤ ካዛወረ ግን ሁኔታው ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ግብር የተከፈለበትን መጠን በቅጽ 8606 የሚያስረዳው ባለገንዘቡ ራሱ ነው። 52,000 ዶላሩ ከመዝገብ ቢጠፋና በ22 በመቶ ግብር ቢጠየቅበት 11,440 ዶላር ያለአግባብ ይከፈላል።

አይአርኤስ በማስታወቂያ 2014-54 ከግብር በኋላ የተዋጣው ዋና ገንዘብ ወደ ሮት አይአርኤ፣ ቀሪው ወደ ተለመደው አይአርኤ በአንድ ጊዜ ተከፍሎ እንዲዛወር ፈቅዷል። ንዑስ ሂሳቦቹ ከመነሻው ተለይተው ከተያዙ ይህ በሶፍትዌሩ ውስጥ በሁለት ዝውውሮች ይመዘገባል። ዘግይቶ የሚጀምር ሰው ያለፉትን ደመወዞች አንድ በአንድ መልሶ ማስገባት አይጠበቅበትም፤ ከዕቅዱ አስተዳዳሪ በመዋጮ ምንጭ የተከፋፈለ መግለጫ ጠይቆ፣ የእያንዳንዱን ንዑስ ሂሳብ መጠን እንደ መነሻ ቀሪ ሂሳብ ማስመዝገብ፣ ከግብር በኋላ ባለው ላይ ደግሞ ዋናውንና ትርፉን በሁለት መስመር ለይቶ መጻፍ ይበቃዋል።