የታጠበው ማርትሬዛ

አሮጌ ዕቃ አድሳለሁ ብላችሁ አበላሽታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አበላሽቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ሳንጃ ስወርድ አያቴ ከእናቷ የወረሰችውን ማርትሬዛ ከሙዳዩ አውጥታ አሳየችኝ። ጠቁሯል። ላስደስታት ብዬ በአመድና በሎሚ ፈተግሁት፤ እንደ መስታወት አበራ! ዋጋውን ለማወቅ ያህል ጎንደር ውስጥ የድሮ ገንዘብ ለሚሰበስብ ሰው ሳሳየው ግን «ሳትነካው ብታመጣው ኖሮ አይቼ ዋጋ እሰጠው ነበር፤ አሁን ግን በሚዛን ነው» አለኝ።

ለምን? የኦስትሪያ ገዥ የነበረችው ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም ብሩ ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ጭምር ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። ዓመቱ አንድ ስለሆነ የት እንደተመታ የሚለየው በጥቃቅን ምልክቶች ነው። አባቶቻችንም ቢሆኑ የንግሥቲቱን ጌጥና ዕንቁ ሳያዩ፣ ምልክቱ የጠፋውን ብር ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። እኔ የፈተግሁት ታዲያ ይህንኑ ምልክት ነው። ጥቁረቱም ቆሻሻ አልነበረም። ብሩ በአየር ውስጥ ካለ የድኝ ውህድ ጋር ተገናኝቶ የሚሠራው ስስ ሽፋን ነው፤ ሲፋቅ ብሩም አብሮ ይፋቃል።

መቼም ስህተቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928-1933 ዓ.ም.) በኖራ የተገነቡትን የፋሲል ግቢ ሕንጻዎች የጠገነው በሲሚንቶና በአርማታ ነበር። ኋላ በተደረገው ጥገና ግን ያ ሲሚንቶ እየተነሳ በኖራ ተተካ። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው፦ የተጨመረ ነገር ተደክሞበትም ቢሆን ይነሳል፤ የተፋቀ ግን አይመለስም።

ስለዚህ አሮጌ ዕቃ በእጃችሁ ሲገባ በመጀመሪያ «የማደርገውን ነገር ነገ መመለስ እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «አልችልም» ከሆነ ተውት። ብር ከሆነ ጠርዙን ይዛችሁ፣ ሳትወለውሉ፣ በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።

ለአያቴ እውነቱን ነገርኋት። ብሩን አገላብጣ አየችና «አይ ልጀ! እናቴ ስትይዘው እንዲህ አልነበረም እኮ» አለች። ሌላ ማርትሬዛም እንዳላት የሰማሁት ያን ዕለት ነው። እሱን ግን እስካሁን አላሳየችኝም።