«አታስብ» ማለት አይበቃም

 

ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ ጫማዬን ሳደርግ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ «ኡስታዝ፣ ኢማኔ የደከመ መሰለኝ» አለኝ። ልጁ ላሊበላ ተወልዶ ያደገ ነው። ስሙን ሳልጠራ ታሪኩን እንድጽፍላችሁ ፈቅዶልኛል። ሆቴል ውስጥ እንግዳ እያስተናገደ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። በ2012 ኮሮና መጣና ጎብኚው ቆመ። በሐምሌ 2013 መጨረሻ ከተማዋ በህወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተመላለሰች። ሕዝቡ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከረመ። ትንሽ ቀና ልንል ነው ስንል ደግሞ በ2015 ማብቂያ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሳ።

«አሁን እስከ ሱብሒ ስልኬ ላይ ነኝ» አለኝ። «ዓይኔ ክፉ ወሬ ብቻ ነው የሚለቅመው። እናቴ ‹አታስብ ልጄ› ትለኛለች። እኔ ግን አለማሰብ አቃተኝ።»

እኔስ ምን አልኩት? «አብሽር፣ ሰብር አድርግ፣ ቁርአን አብዛ» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ያቺ የአንገት ንቅናቄ ሳምንቱን ሙሉ አልለቀቀችኝም። የነገርኩት ውሸት አይደለም፤ ግን የጠየቀኝን አልመለስኩለትም። የዛሬው ትምህርት ያኔ ልመልስለት የሚገባኝ ነው። ብዙዎቻችሁም ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ እንደምትኖሩ አውቃለሁ።

*ዓይናችን ለምን ክፉውን ይለቅማል?*

በቆላው ማሳ ዳር ማማ ላይ ተቀምጦ ማሽላ የሚጠብቅ ልጅ አይታችኋል? አንድ ቀን ዘንግቶ ዝንጀሮ ማሳውን ከበላበት፣ በማግስቱ ድንጋዩም ቁጥቋጦውም ዝንጀሮ ይመስለዋል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የደረሰበት ነገር ዓይኑን አሠልጥኖት ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ይህን በሙከራ አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኮሊን ማክሊዮድና ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሁለት ቃላት ለአጭር ጊዜ አሳዩ። አንዱ የሚያስፈራ፣ ሌላው ተራ ቃል ነው። ቃላቱ ሲጠፉ ከሁለቱ በአንዱ ቦታ ነጥብ ይመጣል፤ ሰውየው ነጥቡን እንዳየ ቁልፍ ይጫናል። የጭንቀት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ነጥቡ በአስፈሪው ቃል ቦታ ሲመጣ ቶሎ ይጫኑ ነበር። ትኩረታቸው ቀድሞ እዚያ ደርሶ ስለነበር ነው። ወደዚያ ተመልከቱ ያላቸው የለም፤ እነሱም አስበው አልመረጡትም።

በድብርት ሕመም ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ሲጠቃለሉ እንዲህ ይላሉ፦ የተጨነቀ ሰው ትኩረቱ ወደ አስፈሪው ይፈጥናል፤ ድብርት የያዘው ሰው ደግሞ ትኩረቱ አሳዛኙ ነገር ላይ አንዴ ካረፈ መንቀል ያቅተዋል። ልዩነቱን ልብ በሉት። የኛ ወንድም ችግር ክፉውን ማየቱ ብቻ አይደለም፤ ካየው በኋላ መላቀቅ አለመቻሉ ነው።

በአንጎል ውስጥም ይህ ይታያል። አሚግዳላ የምትባል፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። ሥራዋ አደጋን ማንቃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግሬግ ሲግልና ባልደረቦቹ ክፉ ስሜት ያለው ቃል የሚያነቡ ሰዎችን አንጎል በምስል ተከታተሉ። በጤነኞቹ ዘንድ አሚግዳላ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ በረደች። ድብርት ባለባቸው ግን እስከ 25 ሰከንድ ያህል እንደጋለች ቆየች፤ ያውም ሌላ ሥራ ተሰጥቷቸው እየሠሩ። ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠራ ቢሆንም፣ «ልቤ አልበርድ አለኝ» የሚለው ሰው የሚናገረው እውነት እንደሆነ ያሳያል።

ውጥረት ሲመጣ ሰውነታችን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ይህ የአላህ ራሕመት ነው፤ ከአደጋ እንድንሮጥ፣ እንድንነቃ ያደርገናል። አደጋው ለወራትና ለዓመታት ሲረዝም ግን ንቃቱ ራሱ ሸክም ይሆናል። እንቅልፍ ይሸሻል፣ ማስታወስ ይዳከማል፣ ትኩረትን የሚገዛው የግንባራችን አንጎል ሥራው ይከብደዋል። በጦርነት ውስጥ ያለፈ ሕዝብ ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ከሚኖሩ 5 ሰዎች 1 ያህሉ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ገምቷል። ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም።

*«አታስብ» ለምን አይሠራም?*

እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር ተማሪዎችን «ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወሉን ንኩ» አላቸው። ደወሉ ደጋግሞ ጮኸ። ይባስ ብሎ በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው፣ ከመጀመሪያው እንዲያስቡ ከታዘዙት ሰዎች ይልቅ እነሱ አብዝተው አሰቡ። ሐሳብን በግድ ማባረር እየጠሩ መሸኘት ነው።

በሬ በቀን የጋጠውን ማታ ተኝቶ ያመሰኳል። ልብም እንዲሁ ታመሰኳለች፤ «ለምን እኔ ላይ? ምን አጥፍቼ ነው? መጨረሻዬስ?» እያለች። በሬው አመስኩቶ ይጠግባል፤ ልብ ግን አትጠግብም። ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ የተባለች ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በካሊፎርኒያ የመሬት መንቀጥቀጥ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ያህል በፊት የተማሪዎችን ጠባይ መዝግባ ነበር። አደጋው ከደረሰ በኋላ ስትመለስ፣ ቀድሞም ሐዘናቸውን የማመስኳት ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከሳምንታት በኋላም የበለጠ የድብርት ምልክት አሳዩ። ሙሲባው አንድ ነው፤ የቆየባቸው ጊዜ ግን ተለያየ።

ስልካችን ደግሞ የማመስኳቱን ሥራ ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን የሩጫ ውድድር ላይ ቦምብ ፈነዳ። ተመራማሪዎች 4,675 ሰዎችን ሲጠይቁ፣ በተከታዩ ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የፍንዳታውን ዜናና ምስል ሲከታተሉ የነበሩት፣ በስፍራው ከነበሩት ሰዎች እንኳ የባሰ ውጥረት እንደነበራቸው ተናገሩ። ዜናው ብቻውን ነው ያሳመማቸው ማለት አይደለም፤ የተጨነቀም ሰው ዜና ያበዛል። ሁለቱ ይመጋገባሉ። እኛ ደግሞ አደጋውን በአካል ካየን በኋላ ሌሊት በስልክ ደግመን እናየዋለን።

*ኢማን ደከመ ማለት ነው?*

አይደለም። ነቢዩ ያዕቁብ ዐለይሂ ሰላም ስለ ልጃቸው ዩሱፍ አልቅሰው ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ነቢይነታቸው ግን አልጎደለም። ኸዲጃ ረዲየላሁ ዐንሃና አጎታቸው አቡ ጧሊብ ያረፉበት ዓመት በሲራ «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ተመዝግቧል። መልዕክተኛው ሰ.ዐ.ወ ከሚመጣው ጭንቀትም ካለፈው ሐዘንም በአላህ ይጠበቁ ነበር። በአላህ የሚጠበቁበት ነገር እውነተኛ ነገር ነው፤ የሚያሳፍር አይደለም።

ሊቃውንቶቻችንም ይህን ያውቁ ነበር። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፈዋል። ምክንያቱ የሚታወቅ ሐዘንንና ምክንያቱ የማይታወቅ ሐዘንን ለይተው፣ ሁለተኛው ከአካል ሊመጣ ስለሚችል አካሉም እንዲታከም መክረዋል። ከሺህ ዓመት በፊት! እኛ ግን ዛሬም የታመመውን «ሰላትህን አሳምር» ብለን ብቻ እንሸኘዋለን።

*ታዲያ ምን እናድርግ?*

አንደኛ፣ ስሜት እስኪመጣ አትጠብቁ። ድብርት «ሲሻለኝ እነሳለሁ» ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኒል ጃኮብሰን ባደረገው ጥናት፣ ሕሙማንን ወደ ትናንሽ ተግባራት መመለስ ብቻውን ሰፋ ካለው የንግግር ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። መነሳት ይቀድማል፤ መሻል ይከተላል። አንድ ነገር ምረጡ፤ ከሱብሒ በኋላ ወደ አሸተን አቅጣጫ ትንሽ መራመድ፣ ለእናታችሁ ውሃ መቅዳት፣ አንድ ጎረቤት መጠየቅ። ትንሽነቱን አትናቁት።

ሁለተኛ፣ ለዜና ሰዓት ቁረጡለት። በቀን አንዴ፣ በብርሃን፣ የምታምኑትን ምንጭ። ማታ ስልኩ ከመኝታችሁ ይራቅ። ሀገራችሁን መውደዳችሁ በምታዩት ሬሳ ብዛት አይለካም።

ሦስተኛ፣ ብቻችሁን አታመስኩቱ። ዚምባብዌዎች ድብርትን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው፤ ከኛው «ሐሳብ በዛብኝ» ጋር አንድ ነው። በሐራሬ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥኖ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠ። አያቶቹ አዳምጠው፣ ከችግሮቹ አንዱን አስመርጠው፣ ለዚያ አንድ እርምጃ አብረው ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ 573 ሰዎች ከተሳተፉበት በኋላ፣ በዚህ መንገድ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ተሽሏቸው እንደነበር አሳየ። እኛስ በወሎ ቡና አፍልቶ ሰው መጥራት የሚያስተምረን ያስፈልገናል? የሚጎድለን ማዳመጡ ነው። ወንድማችሁ ሲነግራችሁ «አታስብ» አትበሉት። «እስቲ ንገረኝ» በሉት፤ ቀጥሎ «ነገ የትኛዋን አብረን እንሥራ?» በሉት።

አራተኛ፣ ሹክርን ተለማመዱ፣ ግን በአግባቡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማክኩሎ ባደረጉት ጥናት፣ ለ10 ሳምንት በየሳምንቱ እስከ አምስት የሚያመሰግኑበትን ነገር የጻፉ ተማሪዎች፣ ያማረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ተሰማቸው። ዓይን በጎውንም መልቀም ሊማር ይችላል። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች ሕሙማን አልነበሩም። ለታመመ ሰው «አንተ ሹክር የለህም» ማለት ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው።

አምስተኛ፣ ሕክምና ሂዱ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ በአማርኛም በአዲስ አበባ የተፈተሸ የዘጠኝ ጥያቄዎች መመዘኛ አለ፤ የሚጠይቀው ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ነው። ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራና ሰላት ካቃተ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ በግልጽ ተናገሩ። «ራስ ምታት ነው» ብላችሁ አትመለሱ። ሞትን የመመኘት ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አትቁጠሩ። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ የነገሯችሁም ከሆነ ብቻውን አትተዉት፣ ይዛችሁት ሂዱ። ዱዓና መድኃኒት አይጣሉም። መድኃኒትን እንድንፈልግ ያዘዙን ራሳቸው መልዕክተኛው ናቸው።

ለዚያ ወንድሜ ትናንት ደወልኩለት። «ባለፈው በደንብ አልሰማሁህም፤ ዐፉ በለኝ» አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ ብዙ ነገር አወራኝ። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ገበያ አብረን እንወርዳለን፤ ሰኞ ደግሞ ጤና ጣቢያ እሸኘዋለሁ ኢንሻ አላህ።

እናንተስ ይህን ስታነቡ በልባችሁ የመጣ ሰው አለ? ከዐስር በፊት ደውሉለት።

አላህ የተጨነቀውን ሁሉ ያሳርፍልን፣ ለሀገራችን ሰላሙን ያውርድልን። ጁሙዓ ሙባረክ!