ሄኖክንና ኩፋሌን ባነብስ?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምኖር ካቶሊክ ነኝ። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቼ «የእናንተ መጽሐፍ ቅዱስ ጎዶሎ ነው» ይሉኛል። ሄኖክንና ኩፋሌን ባነብ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ በፍጹም። የትሬንት ጉባኤ በ1546 እ.ኤ.አ. ያጸናው የእኛ ዝርዝር 73 መጻሕፍት አሉት፤ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምራ 81 ትላለች፤ ፕሮቴስታንቶች 66። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ሁሉ ግን የተከለከለ አይደለም። ሐዋርያው ይሁዳ ራሱ በመልእክቱ ቁጥር 14 ላይ ሄኖክን በስም ይጠራል። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ጎንደር ተቀምጦ የሄደው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንት ሙሉውን አላዩትም። እንግዲህ ጎረቤቶችዎ ቢኮሩበት አይፈረድባቸውም!

በካቶሊኮች ላይ ያላቸው ጥርጣሬም ሥር አለው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በዐዋጅ ሲጭኑ ብዙ ደም ፈሷል፤ ከተማዎን የቆረቆሩት ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ደግሞ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያንን ያባረሩ ናቸው። በአንጻሩ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ያረፉት የካቶሊክ ሰማዕት አባ ገብረ ሚካኤል ጎንደር የተማሩ የኦርቶዶክስ መነኩሴ ነበሩ።

ስለዚህ በቁጥር አይከራከሩ። ኩፋሌን ከጎረቤት ተውሰው ያንብቡ፤ ለእምነት ድንጋጌ ማስረጃ አያድርጉት እንጂ። ያልገባዎትን የደብሩን መሪጌታ ይጠይቁ።